የኋላ መብራትን ወደ ኤልኢዲ መቀየር፦ የጅማ ባለመኪናዎች ጥያቄና መልስ

ርዕሳችን የኋላ መብራት ነው፦ ፓርኪንግ (ማታ ዘወትር የሚበራው ቀይ)፣ ስቶፕ (ፍሬን ሲያዝ የሚበራው)፣ ፍሬቻ፣ ሪቨርስና የሰሌዳ መብራት። የፊት ትልቁ መብራት ሌላ ጣጣ ስላለው ዛሬ አልነካውም። የምትጠይቁ ሰዎች የመኪናውን ዓይነት፣ 12 ይሁን 24 ቮልት፣ በአሮጌው አምፖል ቂጥ ላይ የተጻፈውን ጻፉልኝ። "መብራቴ አስቸገረኝ" ብቻ ከሆነ መልሱም ግምት ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ (ቪትዝ፣ አጂፕ)፦ ሰላም ወንድሜ። የኋላውን በሙሉ በኤልኢዲ ልቀይር ሱቅ ሄጄ "ባለ አንድ ነው ባለ ሁለት?" ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ምንም አትበላቸው፤ አሮጌውን አምፖል ነቅለህ ይዘህላቸው ሂድ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት መኪናዎች በዓመተ ምሕረታቸው ወይም በተሠሩበት አገር ምክንያት የተለያየ ፖርታላምፓዳ (የአምፖል መያዣ) ሊኖራቸው ይችላል። በመኪናው ስም ብቻ የሚሸጥልህን ሰው አትመን።

"ባለ ሁለት" የሚባለው ፓርኪንግና ስቶፕን በአንድ አምፖል የሚያበራው ነው። ውስጡ ሁለት ክር አለው፤ አንዱ 5 ዋት፣ አንዱ 21 ዋት። ቂጡ ላይ ሁለት የሊድ ነጥብ ታያለህ፤ በጎኑ ያሉት ሁለት ጆሮዎች ደግሞ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። ፒ21/5ደብሊው ተብሎ ይጻፋል፤ ሱቅ ውስጥ 1157 ይሉታል። ባለ አንዱ ፒ21ደብሊው ወይም 1156 ሲሆን ጆሮዎቹ እኩል ከፍታ ላይ፣ ፊት ለፊት ናቸው። ብርቱካናማው የፍሬቻ አምፖል ፒዋይ21ደብሊው ጆሮዎቹ ፊት ለፊት አይደሉም፤ ወደ አንድ ወገን ጠጋ ብለዋል። እንደዚያ የተሠራው ነጭ አምፖል በስህተት እንዳይገባበት ነው፤ ስለዚህ ጆሮውን በፋይል ሞርዶ የሚያስገባ ሰው ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። የብረት ቂጥ የሌለውና መስታወቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚሰካው ቲ20 ነው፤ ባለ ሁለቱ 7443፣ ባለ አንዱ 7440። ትንሿ የሰሌዳ አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ቲ10፣ 5 ዋት ናት።

ርዝመቱንም አስተያይ። ብዙ ኤልኢዲ ከአሮጌው አምፖል በአንድ ወይም በሁለት ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ይገባና ሽፋኑን ይነካል፣ ወይም ፖርታላምፓዳው ዞሮ አይቆለፍም። ሌላው መታየት ያለበት ቺፖቹ (ብርሃን የሚሰጡት ትንንሽ ቢጫ ነጥቦች) የተደረደሩበት ነው። የመኪናው አንጸባራቂ የተሠራው ብርሃን ክሩ ካለበት ቦታ ተነሥቶ በጎን ዙሪያውን እንዲበተን ታስቦ ነው። ጫፉ ላይ ብቻ ቺፕ ያለው ኤልኢዲ መሐል ላይ አንድ የሚያፈጥ ነጥብ ይፈጥርና ዳርና ዳሩን ጨለማ ያደርገዋል። በጎኑ ዙሪያውን ቺፕ ያለበትን ምረጥ።

ጥያቄ (ኮሮላ፣ ሄርማታ)፦ ነጭ ኤልኢዲ በቀይ ሽፋን ውስጥ የበለጠ ይደምቃል አሉኝ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ውሸት ነው። ባለ ክር አምፖል ብርሃኑ ቀይ የበዛበት ስለሆነ ቀይ ሽፋን ውስጥ ጥሩ ይሠራል። ነጭ ኤልኢዲ ግን ከሰማያዊ ቺፕ የሚነሣ ብርሃን ነው፤ ቀዩ ትንሽ ነው። ሽፋኑ ሰማያዊና አረንጓዴውን ሲያስቀርበት የሚወጣው ደካማ፣ አንዳንዴም ወደ ሮዝ የሚያደላ ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው፦ ለቀይ ሽፋን ቀይ፣ ለብርቱካናማ ብርቱካናማ፣ ለሪቨርስና ለሰሌዳ ነጭ። ሽፋኑ ጥርት ያለ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቀለሙን የሚሰጠው አምፖሉ ራሱ ነውና ለፓርኪንግና ለስቶፕ ቀይ፣ ለፍሬቻ ብርቱካናማ ካልሆነ አታስገባው።

በካርቶን ላይ ያለው የሉሜን (የብርሃን መጠን) ቁጥር አያሳስትህ። ባለ ክሩ ፒ21/5ደብሊው በስቶፕ 440፣ በፓርኪንግ 35 ሉሜን ያህል ይሰጣል፤ ነገር ግን ይህ ከሽፋኑ በፊት ያለው ነጭ ብርሃን ነው። ቀይ ኤልኢዲ ቁጥሩ ቢያንስም አብዛኛው ብርሃኑ ሽፋኑን ያልፋል።

ጥያቄ (የሚኒባስ ሹፌር፣ ጅማ–አጋሮ)፦ ከቀየርኩ ወዲህ ማታ ማታ ከኋላ የሚመጡ ሹፌሮች "ፍሬን ስትይዝ አይታወቅም" ይሉኛል። መብራቱ ግን ከድሮው ይደምቃል!

መልስ፦ ችግሩ መድመቁ ነው። ፓርኪንጉም እንደ ስቶፑ ደምቋል። ከላይ የጻፍኩትን 440 እና 35 ተመልከት፤ ባለ ክሩ አምፖል ፍሬን ሲያዝ ከአሥር እጥፍ በላይ ይዘላል። ከኋላህ ያለው ሰው ፍሬን መያዝህን የሚያውቀው በዝላዩ እንጂ በድምቀቱ አይደለም። የአውሮፓና የአሜሪካ ደንቦች ሁለቱ በአንድ ቤት ሲሆኑ ስቶፑ ከፓርኪንጉ ቢያንስ 5 እጥፍ እንዲደምቅ ይጠይቃሉ። ርካሽ ኤልኢዲዎች ውስጥ ይህ ልዩነት ሁለት እጥፍ እንኳ የማይሞላ ሞልቷል።

ከመግዛትህ በፊት ሱቁ ውስጥ መለካት ይቻላል። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 10 አምፔር ላይ አድርግ፤ ቀዩን ገመድም 10 አምፔር የተጻፈበት ቀዳዳ ውስጥ መሰካትህን አትርሳ። የባትሪውን ኔጋቲቭ የአምፖሉ ብረት አካል ላይ፣ ፖዘቲቩን በቴስተሩ አሳልፈህ በየተራ ቂጡ ላይ ካሉት ሁለት ነጥቦች ጋር አገናኝ። ደህና አምፖል በአንደኛው ነጥብ ወደ 0.04፣ በሁለተኛው ወደ 0.30 አምፔር ይስባል። 0.15 እና 0.25 ካነበብክ መልሰህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። የአምፔሩ ልዩነት ከብርሃኑ ልዩነት ጋር በግርድፉ ይቀራረባል፤ ለምርጫ ይበቃል።

አሁን የገባውን ለመፈተሽ ደግሞ ሲመሽ መኪናውን አቁም፣ ፓርኪንግ አብራ፣ ረዳትህ ከመኪናው ኋላ ሃያ ሜትር ያህል ርቆ ይቁምና ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርግ። ሳያመነታ "አሁን" ካላለ አውጣው። እስክትገዛ ድረስ ባለ ክሩን መልስ፤ ሰው ጭነህ የምትሄድበት መንገድ ነው።

ጥያቄ (ኮሮላ፣ ፈረንጅ አራዳ)፦ የኋላ ፍሬቻውን ስቀይር በጣም ፈጠነ። የፊቱ ባለ ክር ነው። ሬዚስተር ልግጠም ወይስ ሪሌይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ለምን እንደፈጠነ። 21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይስባል፤ ኤልኢዲው 0.2 ወይም 0.3። ሪሌዩ (ፍሬቻውን የሚያበራ የሚያጠፋው ዕቃ) የለመደውን አምፔር ሲያጣ "አንድ አምፖል ተቃጥሏል" ብሎ ያስባል፣ ለሹፌሩ ለማሳወቅም ይፈጥናል። ምንም አልተበላሸም ማለት ነው። በጣም አሮጌ መኪና ላይ ያለው ባለ ሁለት እግር በሙቀት የሚሠራ ሪሌይ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ጭነቱ ስላነሰው ይዘገያል፣ ወይም ሳይጠፋ በርቶ ይቀራል።

የኔ ምርጫ ሪሌይ መቀየር ነው። ለኤልኢዲ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ሪሌይ ጭነቱን ሳይቆጥር በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ባለው ልክ ያበራል፤ ነገር ግን አምፖል ሲቃጠል አያስጠነቅቅህም፣ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ሃዛርድ አብርተህ መኪናውን ዙረው። ስትገዛ የእግሩን ብዛት ተመልከት፤ ባለ ሦስትም ባለ ስምንትም እግር አለ። ባለ ሦስቱ ቢ፣ ኤል እና ኢ ተብሎ ተጽፎበታል፦ ቢ ከባትሪ የሚመጣው፣ ኤል ወደ አምፖሎቹ የሚሄደው፣ ኢ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪ ኔጋቲቭ የሚመለስበት)። በአውሮፓ ሥራ ላይ በቅደም ተከተል 49፣ 49ኤ እና 31 ተብለው ይጻፋሉ። የእግሮቹ አቀማመጥ ከአሮጌው ጋር አንድ ካልሆነ ቅርጹ ቢገጥምም አይሠራም፤ ብዙ ሰው "የተበላሸ ሸጡልኝ" የሚለው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሁለት እግሩን በባለ ሦስት የምትተካ ከሆነ ኢ የተባለውን በአንድ ገመድ ቦዲ ላይ ማሰር አለብህ፤ ያለዚያ ጭራሽ አይመታም።

አዳዲስ መኪናዎች ላይ ሪሌዩ ለብቻው የለም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የቦዲ ኮምፒዩተሩ ነው። እዚያ ያለህ ምርጫ ሬዚስተር (እንደ ባለ ክር አምፖል ኤሌክትሪክ የሚስብ ዕቃ) መግጠም ወይም ባለ ክሩን እንዳለ መተው ነው። እውነቱን ልንገርህ? ፍሬቻን እንዳለ ብትተወው ምንም አይቀርብህም። ለረጅም ሰዓት የሚበራ አይደለም፤ ኤልኢዲ ከሚጠቅምባቸው የኋላ መብራቶች የመጨረሻው እሱ ነው።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)፦ ሬዚስተሩን አስቀድሜ ገዝቼዋለሁ፤ 6 ኦም 50 ዋት ይላል። ባስገጥመው ጉዳት አለው?

መልስ፦ ልኩ ትክክል ነው፤ አደጋው ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው። ሞተር በርቶ 13.8 ቮልት ሲሆን 6 ኦም 32 ዋት ገደማ ያቃጥላል። ፍሬቻ ግማሹን ጊዜ ስለሚጠፋ ወደ 16 ዋት ይወርዳል፣ ቢሆንም መንገድ ዳር ሃዛርድ አብርተህ ሩብ ሰዓት ብትቆም በእጅ አይነካም። ስለዚህ፦ ባዶ ብረት ላይ በቡሎንና በዳዶ ይታሰር፤ ፕላስቲክ፣ ምንጣፍ፣ የገመድ ጥቅል ወይም የመብራቱ ቤት አጠገብ አይሁን። በናስትሮ ገመድ ላይ ተጠቅልሎ የሚተው ሬዚስተር ናስትሮውን አቅልጦ ገመዱን ያራቁታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቀዋለህ። የሚገባው ከአምፖሉ ጎን ለጎን፣ አንዱ ጫፍ የፍሬቻው ገመድ ላይ፣ ሌላው ማሳ ላይ ነው፤ በመስመሩ መሐል ቆርጠህ ካስገባኸው ኤልኢዲው ይደክማል እንጂ ፍሬቻው አይረጋም። ለአንድ ኤልኢዲ አንድ ሬዚስተር፤ ኋላ ብቻ ከቀየርክ በግራ አንድ በቀኝ አንድ። ገመዱን የሚቆነጥጠውን ሰማያዊ ማገናኛ አትጠቀም፤ ይዝጋል። ልጠህ፣ ጠምዝዘህ፣ በሊድ በይደህ ሸፍነው።

ጥያቄ (አይሱዙ ኤንፒአር)፦ እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፤ ያንኑ 6 ኦም ልግጠም?

መልስ፦ በፍጹም ጌታዬ! የእርስዎ 24 ቮልት ነው። ሞተር በርቶ 28 ቮልት ሲሆን 6 ኦም ላይ 130 ዋት ይወጣል፤ ያ 50 ዋት የተባለ ሬዚስተር ይቀላል። ለ24 ቮልት የሚሆነው 25 ኦም 50 ዋት ነው። አምፖሎቹም 24 ቮልት ወይም ከ10 እስከ 30 ቮልት የተባሉ መሆን አለባቸው። 12 ቮልቱን ያስገቡ እንደሆነ ወዲያው ይቃጠላል፤ ቢቆይም ለሊት አያልፍም። ሁለት ባለ 12 በተከታታይ አስሮ 24 ላይ ማስገባት የሚባል ዘዴ አለ፣ እሱንም ይተዉት፤ አንዱ ሲሞት ሁለቱም ይጠፋሉ። ጭነት መኪና ላይ የማየው ሌላው ችግር መንቀጥቀጥ ነው፤ ቺፖቹ በቀጭን ሳህን ላይ ብቻ የቆሙ አምፖሎች ይሰነጠቃሉ። እንደ አንድ ድፍን የተሠራውን ይምረጡ።

ጥያቄ (ቪትዝ፣ ቆጪ)፦ እኔ ሴት ነኝ፣ ጋራዥ ለአምፖል ብቻ መሄድ ሰልችቶኛል። ራሴ እንድቀይረው በቅደም ተከተል ንገረኝ።

መልስ፦ ደስ ይለኛል እህቴ፤ የሚያስፈልግሽ ካቻቪቴ፣ 10 ቁልፍ፣ ንጹሕ ጨርቅና ደረቅ ቀን ነው።

ሞተሩንና መብራቱን አጥፊ፣ ቁልፉን አውጪ። መብራቱ ከበራ ቆይቶ ከሆነ አምፖሉ ያቃጥላልና ትንሽ ታገሺ። የኋላውን በር ክፈቺ። በአንዳንዱ መኪና መብራቱን የያዙት ሁለት ቡሎኖች በሩ ሲከፈት ከጎን ይታያሉ፤ ፈትተሽ መላውን ቤት ቀጥ አድርገሽ ወደ ኋላሽ ትስቢዋለሽ። በጎን በኩል በፕላስቲክ ፒን ስለተያዘ ወደ ጎን ብታጣምሚው ፒኑ ይሰበራል። በሌላው ደግሞ ከውስጥ የምንጣፉን ክዳን ከፍተሽ እጅሽን ትከቻለሽ፣ ምንም አይፈታም።

ፖርታላምፓዳውን ወደ ግራ ሩብ ዙር አዙሪው፣ ይወጣል። ጆሮ ያለው አምፖል ከሆነ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገሽ ወደ ግራ አዙሪና ልቀቂው፤ ቲ20 ወይም ቲ10 ከሆነ አታዙሪ፣ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። አሁን ፖርታላምፓዳውን ብርሃን ላይ አውጥተሽ እዪው፦ አረንጓዴ ዝገት፣ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ፣ ተጭኖ የቀረ የብረት ምላስ አለ? ዝገቱን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጽጂ። የቀለጠ ከሆነ ፖርታላምፓዳው ይቀየር፤ አዲስ ኤልኢዲ በቀለጠ ቤት ውስጥ ይነቃነቅና ብልጭ ድርግም ይላል።

ባለ ሁለቱን 1157 ስታስገቢ ከፍ ያለውን ጆሮ ከፍ ካለው ጉድጓድ ጋር አገናኚ። በግድ ገልብጠሽ ካስገባሽው ፓርኪንግ ስትከፍቺ ስቶፕ ይበራል። ባለ ጆሮው ፖላሪቲ (የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቅጣጫ) አያስቸግርም፤ ቲ10 እና ቲ20 ግን ካልበሩ ነቅለሽ፣ ግማሽ ዙር አገላብጠሽ ሰኪያቸው።

ቤቱን ከመዝጋትሽ በፊት ሞክሪ። ፓርኪንግ፣ ከዚያ ፓርኪንግ በርቶ ፍሬን፣ ከዚያ ፓርኪንግና ፍሬን በርተው ፍሬቻ። ለብቻ ለብቻ ሞክሮ መዝጋት በቂ አይደለም፤ ስህተቱ የሚታየው ሲደራረቡ ነው። ረዳት ከሌለሽ አንድ ዱላ በፍሬኑና በወንበሩ መሐል አስገቢ። ሁለቱም ጎን ተመሳሳይ ከሆነ ዝጊ፤ ቡሎኖቹን አጥብቂ ግን አትታገዪ፣ የታሰሩት በፕላስቲክ ነው።

ጥያቄ (ኮሮላ፣ ሰቃ መንገድ)፦ ፓርኪንግ ስከፍት ከኋላ መስታወት ላይ ያለው ሦስተኛው ስቶፕ በትንሹ ይበራል። ፍሬን አልያዝኩም።

መልስ፦ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ኤልኢዲው ከፓርኪንግ መስመር ወደ ስቶፕ መስመር ኤሌክትሪክ ያሾልካል፣ ወይ ማሳው ታሟል። መለየቱ ቀላል ነው።

ሁለቱንም ኤልኢዲ አውጣና አሮጌዎቹን ባለ ክሮች መልስ። ችግሩ ከቀጠለ ማሳ ነው። ከጠፋ ኤልኢዲው ነው፤ የቱ እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ እየመለስክ እይ። ጥሩ ኤልኢዲ በሁለቱ መስመሮች መሐል ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አለው፤ ርካሹ ላይ ያችን ዳዮድ ይቆጥቡባታል።

ማሳ ከሆነ ምልክቱ ሌላም አለው፦ ፍሬን ስትይዝ ፓርኪንጉ ይደክማል፣ ወይም ፍሬቻው ሲመታ ፓርኪንጉ አብሮ ይመታል። ኤሌክትሪኩ ወደ ቦዲ የሚመለስበት መንገድ ሲጠፋው በሌላው አምፖል ዞሮ ይመለሳል። ለመለካት ባለ ክሩን አምፖል አስገብተህ ስቶፑን አብራ፤ ቴስተሩን 20 ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የፖርታላምፓዳው ማሳ ላይ አሳርፍ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበብክ ማሳው ደካማ ነው። ይህን ልኬት ኤልኢዲ አስገብተህ ብታደርገው ይሸውድሃል፦ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ የዛገው ማሳም ደህና ይመስላል። መፍትሔው ከመብራቱ አጠገብ ቦዲ ላይ የታሰረውን የማሳ ቡሎን ፈትቶ ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ብረቱ ፍቆ መልሶ ማሰርና ቅባት መቀባት ነው።

ወደ ጋራዥ ከሚመጡት "ኤልኢዲው አልሆነልኝም" ከሚባሉ መኪናዎች ብዙዎቹ የማሳ በሽተኞች ናቸው። ባለ ክሩ አምፖል ሸፍኖላቸው ነበር እንጂ ጤነኛ አልነበሩም።

ጥያቄ (ሂሉክስ፣ ዴዶ)፦ ክረምት ሲገባ የመብራቱ ውስጥ ላብ ይይዛል። ድሮ ባለ ክር እያለ ይደርቅ ነበር፤ አሁን አይደርቅም።

መልስ፦ ትክክል አይተሃል። ባለ ክሩ አምፖል የሚበላውን አብዛኛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ሽፋኑን እያሞቀ ያደርቀው ነበር። ኤልኢዲ ያን ሙቀት አይሰጥም። እንደ ጅማና ዙሪያዋ ዝናቡ ለወራት በማያባራበት አገር ትንሿ ቀዳዳ ትታወቃለች።

መግቢያውን ፈልግ፦ በቤቱና በቦዲው መሐል ያለው ጓርኒሲዮን (የማሸጊያ ጎማ) ደርቆ ተሰንጥቋል? የፖርታላምፓዳው ጎማ ወድቋል? ሽፋኑ ከቤቱ የተጣበቀበት መስመር ተከፍቷል? ለማወቅ ቤቱን አውጥተህ፣ የአምፖል ቀዳዳዎቹን በቴፕ ዘግተህ ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለህ ግፋው፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ እሱ ነው። በደንብ አድርቀህ ያን መስመር ብቻ በሲሊኮን ዝጋ። ከታች ያለችውን የመተንፈሻ ቀዳዳ ግን አትድፈናት! ሁሉንም ነገር በሲሊኮን የሚለስኑ አሉ፤ ያን ጊዜ ውሃው መግቢያ ያገኛል፣ መውጫ ግን ያጣል። ገንዳ ሆኖ ፖርታላምፓዳውን ይበላዋል።

ጥያቄ (ባጃጅ፣ መርካቶ)፦ ፍሬቻዎቼን ሁሉ ቀየርኩ፤ አሁን ግራ ሳበራ ቀኙም ይመታል። ተጠልፏል እንዴ?

መልስ፦ አልተጠለፈም። ዳሽቦርዱ ላይ ለግራና ለቀኝ አንድ የጋራ አረንጓዴ አምፖል ካለህ እሱ በሁለቱ መስመሮች መሐል ነው የታሰረው። በእሱ በኩል ወደ ማዶ የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ድሮ 10 ወይም 21 ዋት ክር አያበራም ነበር፤ ለኤልኢዲ ግን ይበቃዋል። የዳሽቦርዱን አምፖል ሁለት ገመድ ከፍሬቻዎቹ ለይተህ በየአንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ አስገባ፤ ባለ መስመሩ ጫፍ ወደ አምፖሉ ይሁን። ሁለቱን ገመዶች ከዳዮዶቹ በኋላ አገናኝተህ ወደ አምፖሉ አንድ እግር አስገባ፣ ሌላውን እግር ማሳ ላይ እሰር። ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ዳዮዱ አይጠፋም።

ጥያቄ (ቪትዝ)፦ ሪቨርሱን ከቀየርኩ በኋላ የኋላ ካሜራው ይንጫጫል፣ ኤፍኤሙም ይጮሃል።

መልስ፦ በአምፖሉ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ማስተካከያ በፍጥነት ያበራል ያጠፋል፤ ያ ጫጫታ ነው። ብዙ ጊዜ ካሜራው ኤሌክትሪክ የሚወስደው ከዚያው ከሪቨርስ ገመድ ስለሆነ ይበጠበጣል። በአምፖሉ ገመድ ላይ ፌራይት ቀለበት (ጫጫታውን የሚቀንስ ጥቁር ቀለበት) አስገባ፤ ካልተሻለው ሌላ ዓይነት አምፖል ግዛ። ሪቨርስ ላይ ኤልኢዲ ዋጋ ያወጣልና ተስፋ አትቁረጥ።

ጥያቄ (ኮሮላ)፦ ስንት ነዳጅ ይቆጥብልኛል?

መልስ፦ ምንም። ማታ ሁለት ፓርኪንግና ሁለት የሰሌዳ አምፖል ተደምሮ 20 ዋት ነው፤ ዲናሞው አይሰማውም። ትርፉ ሌላ ቦታ ነው። ባለ ክር አምፖል ግሎ እስኪደምቅ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ ኤልኢዲ ወዲያው ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ይህ ከ4 ሜትር በላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ የግቤን ቁልቁለት ከፊትህ ከባድ መኪና፣ ከኋላህ አውቶቡስ ይዘህ ስትወርድ 4 ሜትር ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ (ሱዙኪ)፦ ፍሬን ሲያዝ ብልጭ ብልጭ የሚል ኤልኢዲ አይቻለሁ፤ ያምራል። ለቦሎ ምርመራ ችግር ይፈጥራል?

መልስ፦ አታስገባው። በመንገድ ላይ ብልጭታ የፍሬቻና የሃዛርድ ቋንቋ ነው፤ ስቶፕ ሲያብለጨልጭ ከኋላ ያለው ሰው ትታጠፋለህ ወይስ ትቆማለህ ብሎ ይደናገራል። መርማሪ ፊት ስትቀርብ የኋላህ ቀይ ቀይ፣ ፍሬቻህ ብርቱካናማ፣ ሪቨርስና ሰሌዳህ ነጭ፣ ግራና ቀኙ እኩል የሚደምቅ ይሁን። ሰማያዊ የሰሌዳ መብራትና ሽፋን ላይ የሚለጠፍ ጥቁር ፕላስቲክ ካለህ አሁኑኑ አንሣው። ጥቁር የተለጠፈበት መብራት ውስጥ ኤልኢዲ ከቶ "አይታይም" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዛቱ!

ጥያቄ (አዲስ ባለ አይዲ 4)፦ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። አንዱ ጎን ደከመብኝ፣ አምፖሉን ልቀይር?

መልስ፦ የሚቀየር አምፖል የለውም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ኤልኢዲ ሆኖ ከነቤቱ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱንና ውሃ መግባቱን ያሳዩ፤ ካልሆነ ቤቱ በሙሉ ይቀየራል። መብራቱ በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ብርቱካናማ ገመድ (ከፍተኛ ቮልት ያለበት) ካዩ ግን እጅዎን አይስደዱ።

ጥያቄ (ኮሮላ፣ ጊንጆ)፦ ካርቶኑ 50,000 ሰዓት ይላል፤ የኔ ስቶፕ በሁለት ወር ሞተ፣ የተካሁትም ሞተ። ሁለቴም በስተቀኝ ያለው ብቻ ነው።

መልስ፦ ያ ሰዓት ስለ ቺፑ ነው፣ ያውም ቀዝቃዛ ሆኖ ሲሠራ። አምፖሉን የሚገድለው ሙቀትና ዙሪያው ያሉት ርካሽ ዕቃዎች ናቸው። "ካንባስ" የተባሉት (አምፖል የሚቆጥር ኮምፒዩተር ላለው መኪና የተሠሩት) በተለይ ውስጣቸው ሬዚስተር ስላለ ራሳቸውን ያበስላሉ፤ መኪናህ አምፖል የማይቆጥር ከሆነ አያስፈልጉህም።

ነገር ግን ሁለቴ በአንድ ጎን ብቻ መሞቱ ሌላ ነገር ይናገራል። ሁለት ልኬት አድርግልኝ። አንደኛ፣ ሞተር በርቶ፣ ነዳጅ ትንሽ ረግጠህ፣ ባትሪው ላይ ስንት ቮልት አለ? ከ13.8 እስከ 14.4 ደህና ነው፤ ከ15 ካለፈ የዲናሞው ሬጉሌተር ነው፣ ያን ጊዜ ግን ግራውም መሞት ነበረበት። ሁለተኛ፣ በቀኝ በኩል ፍሬን ተይዞ ፖርታላምፓዳውን ስትነቀንቀው ብርሃኑ ይቆራረጣል? እየተቆራረጠ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ብዙ ኤልኢዲ ገድሏል። ምላሱን በካቻቪቴ ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ አንሣውና፣ ቤቱ ውስጥም የውሃ ምልክት ካለ አይተህ ቁጥሮቹን ጻፍልኝ። እስከዚያ ሦስተኛ አምፖል አትግዛ።